ልሳነ ቻይና በሳሳ ኪስ

ኪሱ ሳስቶ ምኞቱ የሰባ ሰው፣ ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ ልሳነ ቻይናን በባሕር ማዶ ሊማር በቈረጠ ጊዜ፣ አስቀድሞ የሚመረምረው የመምህራኑን ሊቅነት ሳይሆን የከተማውን የቤት ኪራይ መሆኑ ሊያስነቅፈው አይገባም። ወደ ቤይጂንግ የሄደ እንደ ሆነ፣ ከየአህጉሩ የተሰበሰበው ባዕድ ተማሪ በመመገቢያው አዳራሽ እርስ በርሱ በእንግሊዝኛ ስለሚጨዋወት፣ ለቻይንኛው ከፍሎ፣ እንግሊዝኛውን ግን በነጻ አሻሽሎ ይመለሳል። ኑሮ ረከስ ወደሚልባት ወደ ኩንሚንግ የወረደውም፣ የፀደይ ከተማ መባሏ በሐሰት እንዳልሆነ ያያል፤ ብቻ የቻይንኛን አራት የድምፅ ዜማዎች ሲያዜም አርፍዶ ከሰዓት በኋላ ገበያ ሲወጣ፣ ድንች ሻጯ በአካባቢው የዩናን ዘዬ ትመልስለትና የጧቱን ትምህርት ሁሉ ትሽርበታለች። ሃርቢን በንግግሯ ጥራት የተመሰገነች ናት፤ ዳሩ ግን በጥር ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን ስለሚያልፍ፣ ከትምህርት ክፍያው የተረፈው ገንዘብ ካፖርት ሆኖ ያልቃል፤ በተሸፋፈነ አፍ ደግሞ የጠራ ንግግር ማን ይሰማል? ታይፔይን የመረጠውስ ቢሆን፣ በዚያ ጥንታዊው ፊደል ገና በክብሩ ስላለ፣ በዋናው የቻይና ምድር በ5 ጭረት የሚጻፈውን ዘንዶ በ16 ጭረት ይጽፋል፤ 11ዱን ምርቃት ይበለው።

አንተ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ገንዘብህን ከመላክህ በፊት በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚቀመጥ ጠይቅ፤ በማስታወቂያው ላይ የሚታዩት ፈገግተኞች ሦስት ብቻ ናቸው።