ከሰጠሁት የተቀበልኩት ይበልጣል

ለሦስት ሳምንት በጎ ፈቃድ ከውጭ አገር የመጣ ወጣት ሲሸኝ የማይተዋት ንግግር አለችው። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ይነሳና፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ከሰጠኋችሁ የተቀበልኩት ይበልጣል» ይላል። ሰዉ ያጨበጭባል፤ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። ትሕትና መስሏቸው እኮ ነው! ልጁ ሒሳቡን አሳምሮ ነው የሠራው።

ጎጃም በርበሬና በቆሎ ብቻ ሳይሆን የሰው አገር ወጣትም ታበቅላለች፤ ለዚህ ውለታዋ ግን ተገቢውን ምስጋና አላገኘችም። እንግዳው ሲመጣ ዓይን አፋር ነበር። መርአዊ አጠገብ 7 ሺህ ሄክታር እንዲያጠጣ ከተገነባው የቆጋ ግድብ ዳር ፎቶ ይነሳል፣ እንጀራ በእጁ ይበላል፤ አገሩ ሲገባ ስለ ዓለም ድህነት ንግግር የሚያደርግ ሰው ይወጣዋል።

ዋናው የማሳደጊያ መሣሪያችን የትምህርት ቤት ግድግዳ ነው። የእነሱ የዕረፍት ወር የእኛ ክረምት ነው፤ ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ዝናቡ አያባራም፣ ቀለም አይደርቅም። ግድ የለም። የበርበሬ ችግኝ የሚያዛውሩትን ልጆች ከማሳ ጠርተን ግድግዳው ፊት እናሰልፋለን። የመጀመሪያው ቡድን ሰማያዊ ይቀባል። የከርሞው ሰማያዊው ላይ አረንጓዴ፣ የሚቀጥለው አረንጓዴው ላይ የዓለም ካርታ፣ ከዚያ የመጣው ካርታው ላይ የእጁን አሻራ። ግድግዳው በየዓመቱ ይወፍራል። እንዲህ ከቀጠለ ክፍሉ እየጠበበ የኋላው ወንበር ይወጣል፣ ቀጥሎም የመካከለኛው፤ የተማሪ መጣበብ የሚባለው የዘመናት ችግር ያለ አንዳች በጀት ተፈታ ማለት ነው። መምህሩ ደጅ ቆሞ በመስኮት ያስተምራል። ማገሩን ምስጥ በልቶት ቤቱ ቢወድቅ እንኳ ቀለሙ ብቻውን ይቆማል። ክፍሉ ጨርሶ እንዳይደፈን የሚሰጋ ካለ፣ በየመስከረሙ ግድግዳ የሚፍቅ የወጣቶች ማኅበር ማደራጀት ነው፦ የፍቅፈቃ ክፍል፣ የማቆሸሻ ክፍል፣ ለከርሞ እንግዳ እድፉን የሚያሳምር ንዑስ ኮሚቴ። ይኸው የእኛም ወጣት ተሳታፊ ዜጋ ሆነ!

የውጭ በጎ ፈቃደኛን ሁሉ በአንድ ዓይን አላይም። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓዶች ሁለት ዓመት ተቀምጠው፣ ክፍል ገብተው አስተምረዋል። ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ ኋላ በአገሩ ሴናተር ሆነ፤ ጓዶቹን እዚህ የመራው ሃሪስ ዎፎርድም እንዲሁ። አሜሪካ ሁለት ሴናተር አተረፈች። ግን እዚህም ልጆች ተምረው ወጥተዋል፤ ያ ሒሳብ ይወራረዳል።

የእኛው የቡሬ ወጣትስ ማደግ ቢያምረው? ጀርመን ሄጄ የመዋዕለ ሕፃናት አጥር ልቀባ ቢል፣ ኤምባሲው አስቀድሞ የባንክ ሒሳቡን ይጠይቀዋል። ስለዚህ እዚሁ ያድጋል፦ በበጋ ተራራ ወጥቶ ያለ ክፍያ እርከን ይሠራል፤ ቢቀር ቅጣት አለበት። የምስክር ወረቀት የለው፣ «ሕይወትህን ለወጠው ወይ?» ብሎ የጠየቀው የለ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ጦርነት ምክንያት እንግዶቹ ቀርተዋል። ልጆቹ ግን እዚሁ ናቸው፤ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸዋል። በዚህ ላይ ማሾፍ አልችልም።

እንግዶች ሆይ፣ ሰላም ሲወርድ መመለሳችሁ አይቀርም። የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ቡሬ ሥራ ያጣ ቀለም ቀቢ ሞልቷል። ስልክም አላቸው።