ለመመሪያው ምስጋና ይድረሰው

የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩትን ከመሥራት በፊት በኮምፒዩተር የሚፈትነው ስፓይስ የተባለው ፕሮግራም ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ የተዋወቀው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ፍተሻው ሲበዛ፣ የቱ እንዳለቀ የቱ ወረፋ ላይ እንዳለ የሚከታተል ሌላ ሶፍትዌር መጣ። ሶፍትዌሩን የሚያስረዳ መመሪያም ተጻፈለት። እሰየው!

መመሪያው እንከን አይወጣለትም። «በመጠባበቅ ላይ» ማለት ሥራው እየተጠባበቀ ነው ይላል። «ከሽፏል» ማለት ደግሞ ከሽፏል። ለምን? «የስህተት መዝገቡን ይመልከቱ።» መዝገቡ የት አለ? «እንደ አጫጫኑ ይለያያል።» እንዲህ ያለ ሐቀኝነት ከየት ይገኛል?

በዚህ በኩል ቦረናዎች ብዙ ይቀራቸዋል። ዱብሉቅን በመሳሰሉት የቱላ ጉድጓዶች ወንዶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እያዜሙ ባልዲ እየተቀባበሉ ውሃ ያወጣሉ። የከብቱን ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው። የማን መንጋ ዛሬ፣ የማን ነገ እንደሚጠጣ ያውቃል። ለምን ዘገየብኝ ያለውንም ቆሞ ያስረዳዋል። ሕጉ እንኳ በየ8 ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ጉባኤ በቃል ይነገራል፤ ይባስ ብሎ ሰሚው ይገባዋል። እንዴት ያለ ኋላ ቀርነት ነው!

መፍትሔው ቀላል ነው። ለአባ ሄሬጋ ታብሌት ይሰጠው። የተጠማች ላም ስትመጣ «ስህተት 137፤ ገንቢውን ያነጋግሩ» ይበላት። ገንቢው ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል፤ ቢሆንም ስሙ መመሪያው ላይ አለ።

ነገሌ ቦረና ያላችሁ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች፣ እባካችሁ መመሪያውን ቶሎ ጻፉልን። ከብቱ አንብቦ እስኪጨርስ ይታገሳል።