ፎገራ ላይ ፉገራ

ምን አልህ? «ቅቤ ውስጥ ቅጠል ነክሮ መዓዛውን ማውጣት አሜሪካኖች ያገኙት ጥበብ ነው»? ወረታ ላይ ቆመህ? የደብረ ታቦሩ መንገድ ከባሕር ዳር ጎንደሩ አስፋልት ከሚገነጠልበት ቦታ፣ ቅቤ ይዘው ገበያ የሚወርዱ እናቶች እየሰሙህ? እናንተ ሰዎች፣ ኑ ስሙልኝ! ፎገራ ድረስ መጥቶ ሊፎግረን ነው!

ነገሩስ ገብቶኛል። ስልክህ ላይ ቪዲዮ አይተሃል። አንድ ጢማም ቅቤ አቀለጠ፣ ካናቢስ ጨመረበት፣ አጠለለ፣ «ሳይንስ ነው» አለ። አንተም አፍህን ከፈትህ፤ ዝንብ ገባች፣ ወጣች፣ አላወቅህም። ኮሎራዶ በሕዝብ ድምፅ ካናቢስን ለመዝናኛ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ያን ጊዜ አያትህ በኮሰረት ያነጠረችውን ቅቤ በልተህ፣ ጣትህን ልሰህ፣ «ድገሚኝ» ብለሃል። ሆድህ ያወቀውን ራስህ ረሳው።

ሳይንሱንም ልንገርህ፤ በነጻ ነው። የቅጠልና የቅመም መዓዛ ዘይት ነው። ውሃ እንደ ልብ አያሟሟውም፤ ቅባት ግን ይስበዋል፣ ይዞም ያስቀረዋል። ኮሰረት ቅቤ ውስጥ የሚገባው በዚሁ መንገድ ነው፤ የጢማሙም ቅጠል በዚሁ። ልዩነቱ ከምሳ በኋላ ይመጣል። በኮሰረት ቅቤ የተሠራ ዶሮ የበላ ሰው ተጨማሪ እንጀራ ይጠይቃል። ያኛውን የበላ ግን ስሙን ይጠይቃል! በሆድ የገባ ካናቢስ ዘግይቶ ነው የሚሠራው፤ «ምንም አልተሰማኝም» ብሎ የደገመ ሰው ኋላ ሁሉንም ባንድ ላይ ይሰማዋል። እዚህ አገር ደግሞ ሌላ ጠያቂ አለ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525። እሱን በቅቤ አታለሰልሰውም።

«ማንጠር እኮ ቀላል ነው» አልህ ደግሞ። ኳስ ማንጠር ነው ቀላል! አንተን ማዕድ ቤት ማን ያስገባሃል? በሶብላ አምጣ ሲሉህ በሶ በጥብጠህ ትመጣለህ። እርድ ሲሉህ ቢላ ትስላለህ። አብሽ ሲሉህ «አብሽር» ያሉህ መስሎህ ትጽናናለህ። ለጋው የት አለ ሲሉህ ኳሱን ፍለጋ ትወጣለህ።

አሁን ዝም በልና ባለሙያዋን እይ። ቅቤው በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ የቀረው አሬራ ይውጣለት። ከዚያ ለስላሳ እሳት ላይ ይጣዳል። አረፋው ይገፈፋል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ከከፋ ደን የመጣው ኮረሪማ፣ አብሹ፣ እርዱ፣ በሶብላው፣ ኮሰረቱ በየተራቸው ይገባሉ። ቅቤ ከመቶው 16 ያህሉ ውሃ ነው፤ በቅል የተናጠው ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ያ ውሃ እስኪያልቅ ቅቤው ይንጣጣል፣ ይለፈልፋል፤ ልክ እንዳንተ። ውሃው ሲያልቅ ግን ዝም ይላል። እዚህ ላይ ትለያያላችሁ።

ያቺ ዝምታ ናት ሙያው! ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ውሃው ተንኖ ካለቀ በኋላ ሙቀቱን የሚይዘው የለም፤ ሽቅብ ይወጣል። ከሥር የዘቀጠው የወተት ቅሪት መጀመሪያ ይጠበሳል፣ ያውዳል፤ ትንሽ ከዘገየህ ይከስላል፣ ኮረሪማውንም ኮሰረቱንም ይዞ ገደል ይገባል። ጢማሙ ይህን ለማወቅ ቴርሞሜትር ይሰካል። የወረታዋ እናት ጆሮዋን ትሰጣለች። ታወርደዋለች፣ ታጠልለዋለች፣ ትከድነዋለች። ውሃ የሌለው ቅቤ ሻጋታን አያስተናግድምና የሁዳዴን 55 ቀን ያለ ፍሪጅ ተሻግሮ ለፋሲካ ዶሮ ይደርሳል። የጢማሙ ቤት መብራት ይጥፋና እናያለን፤ ቅቤውም ሳይንሱም ይሸታል።

«የአዲስ አበባው ቅቤ ይረክሳል» ትላለህ? ይርከስ እንጂ! ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ስንቴ ተይዞ ዜና ሆነ? ጣድከው፣ ግማሹ ከሥር ዘቀጠና አረረ። አንተ ግን «ቅመሙ በዝቶ ነው» ብለህ በላኸው። ሙዝ ነው የገዛኸው ወንድሜ፤ ልጣጩን ብቻ ነው ያላሳዩህ!

«ታዲያ የናንተው ለምን ተወደደ?» እሰይ፣ አንድ ጥያቄ እንኳ ወለድህ! መልሱ ሜዳው ላይ ነው። አንድ ኪሎ ቅቤ ከ15 እስከ 20 ሊትር ወተት ይፈልጋል፤ ወተት ደግሞ ላም ይፈልጋል፣ ላምም ሣር። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬዋ የፎገራ ላም ስሟን ያገኘችው የርብና የጉማራ ወንዞች እየሞሉ በሚያጠጡት ግጦሽ ላይ ነው። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝን እዚሁ ፎገራ፣ ጂግናና ሻጋ ላይ ሞከሩት። ሩዙ ረግረጉን ወደደ፤ ገበሬውም ሩዙን። ሩዝን አልሰድብም፤ ልጅ አስተምሯል፣ ቤት በቆርቆሮ ከድኗል። ግጦሹ ግን ታረሰ፤ ላሚቱ የሩዝ ገለባ ላይ ወደቀች። ጣና ዳር የተረፈውን ሣር ደግሞ ከ2004 ወዲህ እምቦጭ ወረሰው። ንጹሕ ዘሯ ከዓመት ዓመት እየመነመነ ነው። ይህ ያናድደኛል፤ አንተንም ሊያናድድህ ይገባል። አንተ ግን የምትናደደው በዋጋው ነው! ላሟ ስትጠፋ ምን ልታነጥር ነው፣ ስልክህን?

ሕንድ ቅቤዋን ታነጥራለች፣ በ«ጊ»ዋ ዓለም ያውቃታል። ሞሮኮም «ስመን»ዋን ትኮራበታለች፣ ዓመት አስቀምጣ ለእንግዳ ታወጣዋለች። አንተ ሰባት ዓይነት ቅመም የጠጣ ቅቤ ቤትህ እያለ፣ የጢማም ድስት ውስጥ አንገትህን ታስገባለህ። ወረት ነው የያዘህ፤ በወረት ወረታ አይገባም!

በል ቅዳሜ ገበያ ውረድ። እናትየዋ ዋጋ ስትጠራ አትከራከር፤ ጢማሙ «ኮርስ» ብሎ ዶላር ሲጠይቅህ መች ተከራከርህ? ብሩን ቆጥረህ ስጣት፣ ወረታዋን ክፈል። ለመቅመስ ስትዘረጋልህ ግን ጣትህን እንዳትነክርበት፤ ስልክ ስልክ ይላል!