በነፃ ለመሥራት ደጅ ጥናት

ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ላይ በበጎ ፈቃድ ለመሥራት የተነሣ ፕሮግራመር መጀመሪያ የሚገርመው፣ ያለ ደመወዝ ለመሥራትም ደጅ መጥናት መኖሩ ነው። ኮዱን ማንም ያነበዋል፤ ማንም ቤቱ ወስዶ እንዳሻው ይለዋውጠዋል። ለውጡ ወደ ዋናው ሶፍትዌር የሚገባው ግን የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች መርምረው ሲፈቅዱ ብቻ ነው።

አዲስ ገቢ አብዛኛውን ጊዜ «ይህን ሁሉ አፍርሼ እንደገና ልጻፈው» ባይ ነው። ሠርግ ቤት ሊያግዝ የሄደ ሰው ዶሮ ወጡን ልሥራ ቢል ማን ይሰጠዋል? ሽንኩርት ይልጣል እንጂ። የሶፍትዌሩ ሽንኩርት ደግሞ አያልቅም፦ የፊደል ግድፈት ማረም፣ ያረጀ መመሪያ ማደስ፣ ማንም የማይጠቀምበትን ኮድ መሰረዝ።

የሊብረኦፊስ ሽንኩርት ጀርመንኛ ነበር። የዚህ የጽሕፈትና የሒሳብ ሶፍትዌር አያት ስታርኦፊስ የተሠራው ጀርመን አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው፤ በ2000 ኮዱ ኦፕንኦፊስ ተብሎ ለሕዝብ ተለቀቀ፤ በ2010 ሊብረኦፊስ ከእሱ ተገንጥሎ ወጣ። ባለቤቱ ሲለዋወጥ፣ የቀድሞዎቹ ፕሮግራመሮች በኮዱ መሀል የተዉት የጀርመንኛ ማስታወሻ አብሮ ይወረስ ነበር። ስለዚህ ለጀማሪዎች ከቀረቡት ቀላል ሥራዎች አንዱ ማስታወሻውን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ሆነ። ኮድ የሚፈራ፣ ጀርመንኛ ግን የማይፈራ ሰው በዚህ በር መግባት ቻለ።

ከዚያ ምርመራው ይመጣል። የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሰዎች ለውጥ የሚቀበሉት በኢሜይል ነው፤ ያውም ቀለምና ጌጥ በሌለው ተራ ጽሑፍ። የኮድ አጻጻፍ ደንባቸው መስመር ወደ ውስጥ ሲገባ ስምንት ፊደል ያህል እንዲገባ ያዛል፤ አራት ይበቃል የሚሉትን በቀልድ ከመናፍቃን ይቆጥራቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያልረገጠ ፕሮግራመር ሳይቀር እዚህ ቀኖና ይማራል። «ከፋፍለህ ላክ» ወይም «ምክንያቱን ጻፍ» የሚል መልስ የደረሰው ሰው መናደድ የለበትም፤ ሥራው ተነቧል ማለት ነው። ዝም ከተባለም፣ መርማሪው ራሱ በብዙ ፕሮጀክቶች ከእንጀራ ሥራው በተረፈ ሰዓት የሚያግዝ ሰው ነው።

አቋራጭ ተሞክሯል። ሃክቶበርፌስት ሰዎችን ወደዚህ የበጎ ፈቃድ ሥራ ለመሳብ በየኦክቶበሩ የሚካሄድ ዘመቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 አራት ለውጥ ያቀረበ ሰው ቲሸርት ይሸለም ነበር። ታዲያ በማያውቁት ፕሮጀክት መመሪያ ላይ «ግሩም ፕሮጀክት» ብለው ጨምረው የሚልኩ በዙ። ኃላፊዎቹ ምስጋናውን ሲሰርዙ መዋል ሰለቻቸው፤ አዘጋጆቹም በዚያው ወር ዘመቻው ፈቃደኛ የሆኑ ፕሮጀክቶችን ብቻ እንዲመለከት ደንቡን ለወጡ። ለቲሸርት ብሎ የሚሠራ ሰው ገበያ ወርዶ ቢገዛ ለሁሉም ይሻላል።

ኮድ የማይጽፍም ሥራ አያጣም። ሊብረኦፊስ በአማርኛ ይከፈታል፤ የተጣመመ አማርኛ ያየበት አንባቢ ማጉረምረሙን ትቶ እርማቱን ይላክ፤ መልሱ ቢዘገይም አይቀየም።