በአበባ ማሰሮ የምትጓዘው እባብ

በሳይንስ ስሟ ኢንዶቲፍሎፕስ ብራሚነስ የምትባለው ዕውር እባብ ርዝመቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ዓይኖቿ በቅርፊት የተሸፈኑ ሁለት ነጥቦች ናቸው፤ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ያለፈ ሥራ የላቸውም። ራሷና ጭራዋ ስለሚመሳሰሉ ያያት ሁሉ መጀመሪያ ትል ይላታል። ምላሷን ብቅ ስታደርግ ግን ሐሳቡን ለውጦ አካፋ ፍለጋ ይሮጣል። ሩጫው ትርፍ ድካም ነው፤ መርዝ የላትም፣ አፏም ሰው ለመንከስ አይበቃም። ሲይዟት በጭራዋ ጫፍ ባለች ትንሽ እሾህ ጫን ታደርጋለች፤ የጦር መሣሪያዋ በዚሁ ያበቃል።

ዝርያዋን በ1803 እ.ኤ.አ. የሰየመው ፈረንሳዊው ፍራንሷ ማሪ ዶዳን ነው። ጥንተ አገሯ ደቡብ እስያ ሲሆን ዛሬ ግን በአፍሪካ፣ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በፓስፊክ ደሴቶች ትገኛለች። ሐዋይ በ1930 ገደማ፣ ፍሎሪዳ ደግሞ በ1970ዎቹ ደርሳለች። ይህን ሁሉ ባሕር የተሻገረችው ለሽያጭ በሚጫኑ ተክሎች አፈር ውስጥ ተሸሽጋ ነው፤ የአበባ ማሰሮውን ቀረጥ የከፈለ ነጋዴ የእሷን መሳፈሪያ እንደሸፈነ አያውቅም።

ለስደት ያመቻት ሌላም ነገር አለ። እስካሁን የተመረመሩት ሁሉ ሴቶች ናቸው። ሦስት ረድፍ፣ በድምሩ 42 ክሮሞሶም አላት፤ የምትጥለው እንቁላልም ያለ ወንድ ይፈለፈላል፣ ልጆቿም የራሷ ግልባጭ ይሆናሉ። ዘወትር በዚህ መንገድ ብቻ የምትራባ ሌላ የእባብ ዝርያ አትታወቅም። ሽማግሌ መላክ፣ ጥሎሽ መቁጠር፣ ድንኳን መትከል የለም፤ አንዲት ብቻ ከማሰሮ ከወረደች አገሩ ተያዘ ማለት ነው።

የምትኖረው እርጥበት ባለው ልል አፈር፣ በድንጋይና በበሰበሰ ግንድ ሥር፣ በጓሮና በእርሻ ውስጥ ነው። ከባድ ዝናብ ጉድጓዷን ሲሞላው ወደ ላይ ትወጣለች። ቀለቧ የጉንዳንና የምስጥ እንቁላልና እጭ ነው። ያደገ ምስጥ ስትበላ አመል ታወጣለች፦ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ2015 እንደዘገቡት፣ ብዙ ጊዜ ምስጡን መሬት ላይ እያሸች ራሱን ቆርጣ ትጥላለች። ጠንካራው የምስጥ ራስ አይፈጭላትምና ምርጫዋ አስተዋይነት ነው።

ወፎችና ጉርጦች ይበሏታል፤ መብላት ግን ሁልጊዜ መፍጨት አይደለም። በምሥራቅ ቲሞር ተመራማሪዎች ድንጋይ ሲገለብጡ ያገኙት ጉርጥ ከኋላው ትል የመሰለ ነገር ይወጣበት ነበር። የወጣችው ይህችው እባብ ናት፤ የጉርጡን ሆድ ከአፍ እስከ መጨረሻው አቋርጣ በሕይወት ደርሳለች። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሞተች። የጉርጡን ስሜት ግን የመዘገበ የለም።