16 ራስ ያለው ዲስክ

አጎቴ የሰፈራችን እድር ዳኛ ናቸው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ እድሩ ዕቃ ቤት ሲከማቹ ኮምፒውተሩ ብቻ እሳቸው ሳሎን ዳንቴል ለብሶ ይኖራል። 486 የሚባለው ዘር ነው፤ የ1980ዎቹ የመዋጮ መዝገብ እሱ ሆድ ውስጥ ነው። ባለፈው ስብሰባ አንድ አባል ብድግ ብሎ «እኔ ከ1989 ጀምሮ አንድ ወር አጓድዬ አላውቅም» ሲል አጎቴ ፈገግ አሉ። ቆይ ብቻ፣ ማሽኑን ላስነሳው ማለታቸው ነበር።

ማሽኑ አልተነሳም። ጥቁር ስክሪን ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ቀጥ አለ።

«ምን ይላል?»

«ሲስተም ዲስክ አስገባና ቁልፍ ተጫን።»

አጎቴ ከኪሳቸው የቤታቸውን የቁልፍ ዘለላ አውጥተው «የቱን?» አሉኝ።

ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ይቻል ነበር። ችግሩ መዝገቡ የተጻፈው ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ሳይገባ መሆኑ ነው። እሱ የሆነው በፈረንጆች 1999 ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በገዛ ራሱ ቁጥር ይደረድር ነበር። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ሲከፍተው «ወይዘሮ» የሚለው የዶላርና የቃለ አጋኖ ምልክት ሆኖ ቁጭ ይላል። የብር ዕዳ በዶላር ምልክት ተጽፎ ስብሰባ ላይ ቢቀርብ ደግሞ ምን ሊፈጠር እንደሚችል አስቡት። ስለዚህ መነሳት ያለበት ሽማግሌው ራሱ ነው። ተሸክሜው መርካቶ ወረድን።

ስህተቴ በምናለሽ ተራ ማቋረጤ ነው። በርሜል ምድጃ፣ ጎማ ጫማ በሚሆንበት በዚያ ሰፈር አሮጌ ዕቃ ተሸክሞ የመጣ ሰው ሊያሳክም መጣ ብሎ የሚጠረጥር የለም። አንድ ወጣት ኬዙን ከእጄ ተቀብሎ ከፍ ዝቅ እያደረገ መዘነው።

«በኪሎ ነው የምገዛው።»

«ልጄ፣ ታሞ ነው እንጂ አልሞተም» አሉት አጎቴ።

«ችግር የለም አባባ፣ እጠብቃለሁ።»

ሲኒማ ራስ አካባቢ ያገኘነው የመጀመሪያው ጠጋኝ ሶኬቱን እንኳን ሳይሰካ «ፎርማት እናድርገው» አለ። ፎርማት በከተማችን እንደ ፀበል ለሁሉም በሽታ ይታዘዛል። መዝገቡስ ብንለው፣ መዝገቡ ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩ ግን ይድናል አለን። አጎቴ ትኋን አለ ብሎ ቤት ስለሚያቃጥል ሰው እያጉረመረሙ ወጡ።

ሁለተኛው ቴፕና ራዲዮ ሲጠግኑ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ኬዙን ከፍተው፣ መብራት ሰክተው፣ ጆሯቸውን ዲስኩ ላይ ለጥፈው «ዝም በሉ!» አሉ። መርካቶ ውስጥ! በሩ ላይ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» ይላል፣ ጎን ያለው ሱቅ ስፒከር ይሞክራል፣ እሳቸው ግን ያዳምጣሉ።

«ይዞራል። የሚያነበው ራስ ተበላሽቶ ቢሆን ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። ይሄ ጤነኛ ነው።»

ከዚያ ኬብሉን መረመሩ፤ ቀይ መስመሩ በትክክል በፒን ቁጥር 1 በኩል ነው። ጃምፐሩም ደህና ነው። በመጨረሻ ባዮሱ ውስጥ ገብተው ቀኑን ሲያዩ ሳቁ። ጃንዋሪ 1፣ 1980 ይላል። በእኛ ሲመታ ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም.።

«ደርግ ጊዜ ላይ ነዋ ያለው!» አሉ አጎቴ። «ታዲያ ዝም ማለቱ ይፈረድበታል?»

ጥፋቱ የማዘርቦርዱ ባትሪ ነበር። 2032 ይሉታል፤ ስሙ ልኩ ነው፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት። የሰዓት ባትሪ ከሚሸጡት ዘንድ ሮጬ አመጣሁ። ባትሪው ሲያልቅ ማሽኑ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ዲስክ እንዳለውም ይረሳል። ዲስኩ በሕይወት እያለ፣ እየዞረ፣ «የለም» ተብሎ ተመዝግቦበታል። የቀበሌ መታወቂያ የጠፋበት ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል።

ጠጋኙ መነጽራቸውን አድርገው ዲስኩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እያነበቡ ባዮሱን ሞሉ። 826 ሲሊንደር፣ 16 ራስ፣ 63 ሴክተር። ይህ ተባዝቶ፣ በያንዳንዱ ሴክተር 512 ባይት ሲታሰብ ወደ 426 ሚሊዮን ባይት ይመጣል፤ ዛሬ የአንድ ሠርግ ቪዲዮ አይበቃውም።

«16 ራስ?» አጎቴ ደነገጡ። «ጃንሆይ ግቢ እንኳን ይሄን ያህል ራስ ባንዴ አይሰበሰብም!»

«ለወጉ ነው ጋሼ። ባዮሱ እንዲገባው ነው እንዲህ የሚጻፈው፤ ውስጡ ሲከፈት ጥቂት ናቸው።»

«እንደኛ እድር በለኛ! መዝገብ ላይ መዓት፣ ቀብር ላይ አራት።»

ማሽኑ ተነሳ። እያጓራ፣ እየተንተባተበ፣ ግን ተነሳ። ጠጋኙ አጨበጨቡ፣ ተሸካሚው ሳይቀር አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። አጎቴ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የ1989ን መዝገብ ከፈቱና «ያልከፈሉ» የሚለውን ገጽ ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አዘዙኝ።

ከላይ ጀመርኩ። በተራ ቁጥር 1 የተጻፈው የሳቸው ስም ነበር። ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ።

ጠጋኙ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመሩ። አጎቴ ስክሪኑን ትንሽ ቆመው አዩት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ያ ልጅ ቅድም በኪሎ ስንት ነው ያለው?»