ሳንቲም ለምኔ!

የደመወዝና የባንክ ሒሳብ ፕሮግራም የሚጽፉልንን ሰዎች ማን አመስግኗቸው ያውቃል? እስቲ ዛሬ እንኳ እናመስግናቸው። እ.ኤ.አ. በ1959 የተወጠነው ኮቦል ለንግድ ሥራ የታሰበ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ገንዘብን እንደ ሰው በአሥር በአሥር እየቆጠረ፣ ሳንቲም ሳያባክን ማስላት ይችላል። ጀግኖቻችን ግን እንዲህ ያለ ንፍገት አይወዱም።

ሙያቸውን እንይ። የወር ደመወዙ 9000 ዶላር የሆነ ሠራተኛ ከ30 ቀን 20ውን ሠርቷል እንበል። ተራ ሰው 9000ን በ20 አባዝቶ፣ ለ30 አካፍሎ 6000 ይከፍለዋል። ባለሙያችን ግን አስቀድሞ 20ን ለ30 ያካፍላል። በአይቢኤም ኩባንያ ኮቦል የመሀሉ ውጤት ስንት የአሥርዮሽ ቤት እንደሚይዝ የሚወስነው ለመልሱና በስሌቱ ለሚገቡት ቁጥሮች መስኮች የተሰጠው የአሥርዮሽ ቤት ብዛት ነው፤ አካፋዩ አይቆጠርም። ደመወዙና መልሱ ሁለት ሁለት ቤት ከተሰጣቸው የሚተርፈው 0.66 ብቻ ነው። ይህ በ9000 ሲባዛ 5940 ይሆናል። ስልሳው ዶላር የት ገባ? ይህን የሚጠይቅ ጭቅጭቅ የሚወድ ሰው ነው። ያሰላው ኮምፒውተር አይደለም እንዴ!

ለማሳመሪያም መጨረሻ ላይ «ራውንድድ» የምትል ትእዛዝ ጣል ያደርጋሉ። እሷም መልሱን ታጠጋጋለች፤ መሀል ላይ የተቆረጠውን ግን ከየት ታምጣው?

የዚህ ጥበብ ሐውልት የቆመው ካናዳ ነው። የቫንኩቨር አክሲዮን ገበያ በጃንዋሪ 1982 የዋጋ ጠቋሚውን ከ1000 አስጀመረ። ጠቋሚው በታደሰ ቁጥር ከሦስተኛው የአሥርዮሽ ቤት ወዲያ ያለው ሳይጠጋጋ ይቆረጥ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ በኖቬምበር 1983 ጠቋሚው 524 ገደማ ደረሰ። በትክክል ሲሰላ ከ1098 በላይ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያ ሳያከስሩ ግማሽ ገበያ ማጥፋት በዋዛ የሚገኝ ሙያ መሰላችሁ?

ፈሪዎችም አይጠፉም። አስቀድመው ያባዛሉ፣ ኋላ ያካፍላሉ። የመሀሉን ውጤት ሰፊ የአሥርዮሽ ቤት ባለው መስክ ያኖራሉ። አርፒጂ በተባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ሲሠሩም «ሬስዴክፖስ» የተባለውን አማራጭ መርጠው፣ የመሀሉ ውጤት ከመልሱ ያነሰ ቤት እንዳይይዝ ያስገድዳሉ። የሚያጠጋጉትም አንዴ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

አለቆች ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ፈሪ ከመቅጠራችሁ በፊት ደጋግማችሁ አስቡ፤ ሠራተኛው ሙሉ ደመወዝ ከለመደ ያስቸግራችኋል።